የብሎን መጋረጃ

«ብሎን» የሚለውን ስም ያወጣችለት እህቱ ናት። ልጅ ሳለ ሱሪውን ልታጥብ ኪሱን ስትገለብጥ ሁልጊዜ የሚወድቀው ያው ነበር፤ ብሎን፣ ዳዶ፣ የተሰበረ ማጠፊያ፣ ከየት እንደተፈታ የማይታወቅ ሽቦ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን ይህን ቤት ፈታተህ በኪስህ ይዘኸው ትጠፋለህ» ትለው ነበር። ስሙ ተለጠፈበት፣ በዚያው ቀረ። ዛሬ ከጆሮው በላይ ሸብቶም ጎረቤት በሌላ ስም አይጠራውም፤ ቢጠራውም ዞር የሚል አይመስለኝም።

እኔ የምኖረው ከስፌት ክፍላቸው በላይ ባለው ፎቅ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ፍልስፍና ሳስተምር ነው፤ ጡረታ ወጥቼ የሚሰማኝ ሰው ሲጠፋ እኔው ሰሚ ሆንኩ። ወለሉ ስስ ነው። የስፌት መኪናው ሲሮጥ፣ ካውያው እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ፣ ሜትሩ ከጠረጴዛው ሲንሸራተት ሁሉ ይሰማኛል። ከሁሉ በላይ የማውቀው ግን የእህቱን መቀስ ነው። የሌላ ሰው መቀስ ይነክሳል፤ የእሷ ይፈስሳል። አንዴ ከከፈተችው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል። ስለ ብሎን ልጽፍ ተቀምጬ ከዚህ ድምፅ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ድምፅ ከቤቱ የጠፋው በእሱ ምክንያት ነው።

እሱ «እታለም» ይላታል። በብዙ ዓመት ትበልጠዋለች፤ አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ እንደ እህትም እንደ አባትም ሆና ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው በመጨረሻ ዘመኗ አእምሮዋ ከድቷት ነበር። ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነው፤ ግራና ቀኝ ጠፋባት። የግራ ጫማዋን በቀኝ እግሯ ታጠልቅና «ምነው ዛሬ መንገዱ ጠመመብኝ?» ትላለች። መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ሳቁም ቀረ። እናቷን እስከ መጨረሻው ያስታመመችው እታለም ስለሆነች፣ ሌላው ሰው ሞትን ሲፈራ እሷ የምትፈራው ጫማ መቀያየርን ነው።

ሙያዋ መጋረጃ ነው። ድሮ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ሰው ቤት ድረስ ትሄድ ነበር። መስኮቱን ራሷ ትለካለች፣ ፀሐዩ ከየት እንደሚገባ ታያለች፣ የቤቱን ሰው ጨዋታ ትሰማለች፣ ከዚያ ትቆርጣለች። ገበያው ወደ ስልክ ሲገባ ግን ቤቱ ጭር አለ። ብሎንም በዚያው ሰሞን ይሠራበት የነበረው የኮምፒውተር ጥገና ድርጅት ተዘግቶ እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። «እታለም፣ ሱቅሽን በይነመረብ ላይ ላውጣልሽ» አላት። «አውጣው፤ ብቻ እንደ ሬዲዮኔ ፈትተህ እንዳትተወው» አለችው።

የእህቱ ልጅ ገና ከመጀመሪያው ተቃወመች። እሷ የመዋቢያ ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያ ሱቁም፣ ክፍያውም፣ ዕቃ ቆጠራውም፣ የማድረሻ መልእክቱም ሁሉ ካንድ ኩባንያ የተከራዩት ነው። የዚያን ቀን ክርክራቸውን ለመስማት ወለል አላስፈለገኝም፤ ደረጃው ላይ ቆሜ ነበር።

«አጎቴ፣ ሰው ልብስ ሲገዛ እጅጌውን ካንድ ቤት፣ ኮሌታውን ከሌላ ቤት ይገዛል እንዴ?»

«መጋረጃ ቤት ተወልደሽ እንዲህ ትያለሽ? ጨርቁ ከአንዱ፣ ክሩ ከሌላው፣ ዘንጉ ከሦስተኛው አይደል የሚመጣው?»

«የሚሰፋው ግን አንድ ሰው ነው!»

«እሱማ እኔ አለሁ።»

«ችግሩስ እሱ አይደል? አንተ ጉንፋን ከያዘህ ሱቁም ያስነጥሳል።»

እታለም ሳቀች። ብሎን ግን ያዘጋጀው መልስ ነበረው፤ መልሱም እውነት ነበር። ሁሉን በአንድ በሚያከራየው ኩባንያ ገጽ ላይ ደንበኛው የሚመርጠው ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብቻ ነው። «የሰው መስኮት ካልሲ ነው እንዴ?» አለ። «እታለም በልክ ነው የምትሰፋው። ወርዱንና ቁመቱን ደንበኛው ራሱ የሚያስገባበት የተለየ ክፍል አለ፤ ጥሩ አድርገው የሠሩት ሌሎች ሰዎች ናቸው። እሱን እንከራያለን። የክፍያውን ደግሞ በክፍያ ከታወቁት፣ የጨርቅ ቆጠራውን በቆጠራ ከታወቁት። አንዱ ካስጠላን እሱን ብቻ ነቅለን ሌላ እንተክላለን። በእነሱ ቤት ግን አንድ ነገር ካልጣመሽ ያለሽ ምርጫ ቤቱን ለቆ መውጣት ነው።»

«እሺ፣ ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያነጋግራቸው ማነው?»

«ማገናኛ ፕሮግራም እጽፋለሁ።»

እታለም መቀሷን አነሳች፤ ክርክር ሲበዛባት እንዲህ ነው የምትዘጋው። «ወንድሜ ይሠራል ካለ ይሠራል» አለች።

ብሎን በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር አስደስታው የዚያኑ ያህል አስደንግጣዋለች። መጋረጃን በልክ ለመስፋት የተለያዩ ክፍሎችን መገጣጠሙ የተሻለ መሆኑን ያምን ነበር። ከዚያ እምነት በታች ግን ሌላ ነገር ተኝቶ ነበር። ሁሉን በአንድ የያዘው ቢመረጥ እሱ ምን ሊሠራ ነው? ማታ መብራት የሚያጠፋ ሰው መሆን ነው። ክፍሎቹ ከተለያዩ ግን በየመጋጠሚያው እሱ አለ። ያለ እሱ የማይቆም ቤት መሥራት ፈለገ፤ ለእህቱ አሳቢነቱንና ለራሱ ያለውን ፍርሃት አንድ ላይ ሰፍቶ፣ ስፌቱ እንዳይታይ አድርጎ፣ ምክር ነው ብሎ ሰጣት። ሰው ሲዋሽ ብዙ ጊዜ ሐሰት አይናገርም፤ ካሉት ሁለት እውነቶች የሚያምርበትን መርጦ ይናገራል።

ሱቁ ተከፈተ፣ ሠመረም። ደንበኛው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ የመስኮቱን ልክ ያስገባል። ትዕዛዙ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንዱ በቀጥታ ወደ ትዕዛዝ ገጹ ይገባና እዚያ ይቀመጣል። ሌላው በብሎን ማገናኛ አልፎ መቁረጫ ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለችው ታብሌት ላይ ይወጣል፤ ጨርቁ፣ ቀለሙ፣ ወርዱ፣ ቁመቱ በትልልቁ። እታለም ታነባለች፣ ትቆርጣለች፣ «ተቆርጧል» የሚለውን ትነካለች፤ ትዕዛዙም ከታብሌቷ ይጠፋል። ይህቺ ታብሌት የብሎን ኩራት ነበረች። «አየሽ፣ ወረቀት የለ፣ መፈለግ የለ» ይላት ነበር። እሷም እንግዳ ሲመጣ «ወንድሜ ነው የሠራት» ትላለች፣ ታብሌቷን ራሷን በእጁ የጠፈጠፋት ይመስል።

መጀመሪያ ቅሬታ ይዛ የደወለችው አንዲት ደንበኛ ናት። ድምፅዋን በማጉያው ሁላችንም ሰማን። «እመቤቴ፣ የሰፉልኝ ለመስኮቴ ነው ለግድግዳዬ? ጎኑ ቁም ሳጥኔን ሸፍኖ አልፏል፤ ቁመቱ ግን መስኮቱ ግማሽ ላይ አለቀበት። ቁምጣ የለበሰ መስኮት አይተው ያውቃሉ?»

እታለም የትዕዛዝ ገጹን ከፈተች። ወርድ አንድ ሜትር ከአርባ፣ ቁመት ሁለት ሜትር ከሃያ ይላል። የቆረጠችው ተገልብጦ ነው። ታብሌቷን አየች፤ ትዕዛዙ ከተቆረጠ ወዲያ ከዚያ ጠፍቷል። «ገልብጬ አንብቤው ነው» አለች።

ብሎንም ገጹን አየ፤ ልኩ ትክክል ነው። ትከሻዋን መታ መታ አደረገና «ደክሞሽ ይሆናል እታለም» አላት።

ይህችን ሦስት ቃል አስታውሱልኝ። እሱ እስከ ዛሬ አልረሳትም።

መጋረጃው በአዲስ ጨርቅ ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ መጣ፤ እሱም የተገለበጠ። ከዚያ የሕፃናት መዋያ ኃላፊዋ የተሰፋውን ሁሉ በክንዷ ታቅፋ በራሷ እግር መጣች። ሕፃናቱ ቀን የሚተኙበት ክፍል ነበር። «ልጆቹ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እያረፈ እንቢ አልተኛም አሉ፤ ሞግዚቶቹም አብረው ማልቀስ ቀራቸው» አለች፤ ተቆጥታ ሳይሆን እየሳቀች። ሳቋ ባሰ። እታለም ጨርቁን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በሜትር ለካችው፣ ደግማ ለካችው።

ሌሎቹ ትዕዛዞች ደህና መሆናቸው ነበር ነገሩን የባሰ ያደረገው። ሁሉም ቢገለበጥ ሰው ሲስተሙን ይጠረጥር ነበር። አንዳንዴ ልክ፣ አንዳንዴ ግልብጥ የሚሆን ነገር ግን የማሽን ጠባይ አይመስልም፤ የደከመ ሰው ጠባይ ነው የሚመስለው። ድሮ ቢሆን መስኮቱን ራሷ አይታዋለች፤ ቁመተ ረጅም መሆኑን ዓይኗ ያስታውሳል። አሁን ግን ያላየችውን መስኮት በቁጥር ነው የምታውቀው። ቁጥር ሲገለበጥ ደግሞ አይጮህም።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄደች። ለዕድሜዋ ዓይኗ ደህና ነው ተባለች። ሌላ ሰው ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን ደረጃው ሥር አግኝታኝ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ «ጋሼ፣ ዓይኔ ደህና ከሆነ የተበላሸው ከዓይኔ በስተኋላ ያለው ነው» አለችኝ። «የእማማ ነገር እንዲህ ነው የጀመረው» ብላ ገባች።

እሷ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ ብሎን መቁረጫ ክፍል ብቻውን ነበር። አንድ አዲስ ትዕዛዝ ታብሌቷ ላይ ወጣ፤ ሥራ ፈትቶ ስለነበር ከትዕዛዝ ገጹ ጋር አስተያየው። ተገልብጧል። ማንም እጁን ሳያሳርፍበት፣ ማንም ሳያነበው ተገልብጦ ነው የመጣው። እንደ ነገረኝ ከሆነ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠ።

ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ልክ የሚቀበለውን ክፍል ያከራዩት ሰዎች አፕዴት አድርገውታል፤ በስልክ ለሚያዝዝ ሰው አዲስ ገጽ ሠርተው ቁመትን አስቀድመው፣ ወርድን አስከትለው ይልኩ ጀመር። የብሎን ማገናኛ ደግሞ እንደ ድሮዋ መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ ወርድ ብላ ትቀበላለች። በኮምፒውተር ያዘዘ ሰው ልኩ ይደርሰዋል፤ በስልክ ያዘዘ ይገለበጥበታል። ሰዎቹ ለውጡን አስቀድመው ለሁሉም አሳውቀው ነበር፤ ብሎን ሳያነብ አልፎታል። አንዱ ክፍል አልተበላሸም፣ ሌላውም አልተበላሸም። የተበላሸው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ መካከሉ ደግሞ እሱ ነበር።

ወዲያው አስተካከለው። ሦስት የኮድ መስመር ያህል ናት። እታለም ስትገባ ሊነግራት ከንፈሩን አላቅቆ ነበር።

ግን ብቻዋን አልገባችም። ልጇ ክንዷን ይዛታለች፤ ከኋላቸው አንዲት ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ዓይነ አፋር ሴት ቆማለች። እታለም መሳቢያዋን ከፈተች፣ መቀሷን አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው፣ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። «ከዛሬ ጀምሮ የምትቆርጠው እሷ ናት። እኔ ካውያውን፣ ጠርዙን፣ መስቀያውን እይዛለሁ» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞር ብላ፣ «ይቅር በለኝ ብሎኔ። ለፍተህ የሠራኸውን ነገር በእኔ ምክንያት ስሙን አጠፋሁት» አለችው።

የእህቱ ልጅ በዚያች ቅጽበት ወደ አጎቷ አየች። እሱም በዓይኗ ውስጥ «አላልኩህም?» የሚለውን አስቀድሞ አነበበ። ነገ ብቻዋን ሳገኛት እነግራታለሁ ሲል ለራሱ ቃል ገባ።

የነገው ነገር እንዲህ ሆነ። ማገናኛዋ ተስተካክላለች፤ ስለዚህ አዲሷ ቆራጭ የቆረጠችው ሁሉ ልክ ሆነ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ። አንድም ስሞታ አልመጣም። ደንበኞች አመሰገኑ። እታለምም ቆራጯን «እጅሽ ይባረክ» እያለች፣ ልክ የሆነው እያንዳንዱ መጋረጃ የራሷን መፍረስ እንደሚመሰክር አድርጋ ትቀበለው ጀመር። ብሎን ጥፋቱን ያረመበት እጅ ራሱ እህቱ ላይ የሐሰት ምስክር አቆመባት። ነገሩን ባያስተካክለው ይሻል ነበር፤ ስሕተቱ ከቆራጯም እጅ ይወጣና እውነቱ በራሱ ይገለጥ ነበር። ጸጥ ብሎ ማስተካከል አንዳንዴ ከማጥፋት የከፋ ነው።

እኔ ከላይ ሆኜ የመቀሱን ድምፅ ሰማሁ። ይነክሳል። ቁርጥ፣ ቆም፣ ቁርጥ፣ ቆም። ደህና ሠራተኛ ናት ሴትዮዋ፤ ግን የእታለም ድምፅ አይደለም።

እታለም ደግሞ ራሷን መፈተን ጀመረች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ጫማዎቿን አፍጥጣ ሳታይ አታጠልቅም። የክር መሳቢያዎቹ ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብላ ለጠፈች። አንድ ቀን ለልጇ፣ «ስምሽን ከረሳሁ አትቆጪ፤ ግን ሌላ ሰው ቤት አታስቀምጪኝ» ስትላት ብሎን በር ላይ ቆሞ ሰማ። እንዲያ ስትል እንኳ እጇ መስቀያ እየሰፋ ነበር፤ መርፌዋ አንድ ጊዜም አልሳተም። ብሎን ወጣ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለ ወደ እኔ መጣ።

ገብቶ አልተቀመጠም። ከነኮቱ ቆሞ ሁሉን ነገረኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለ። «ከተለያየ ሰው ቁርጥራጭ በተሠራ ነገር ውስጥ ጥፋቱ የማን ነው? ክፍሉን የቀየሩት እነሱ ናቸው። ገጹ ትክክል ያሳያል። የእኔ ማገናኛ እንደተነገራት ነው የሠራችው።»

ጥያቄው ጣመኝ፤ አልክድም። ስለ ሙሉና ስለ ክፍል፣ አንድ ነገር ክፍሎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ሙሉው ሊታመም ስለመቻሉ ማውራት ጀመርኩ። ጥፋት እንደ ውሃ ነው፣ ባለቤት በሌለው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህም አንድ ሰው ላይ ሊጣል… እያልኩ ሳለ የብሎንን ፊት አየሁ። እየተዝናና ነበር። ትከሻው ወርዶ፣ ግንባሩ ተፈትቶ፣ ከአፌ የሚወጣውን እንደ ሞቀ ጋቢ እየተከናነበው ነበር።

ንግግሬን አቆምኩ።

«ብሎን» አልኩት፣ «ማገናኛዋ የማን ናት?»

«የእኔ።»

«ደክሞሽ ይሆናል ያላትስ?»

በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወረደ።

ያም ሆኖ አልነገራትም። ፍርሃቱ ተቀይሮ ነበር፤ መጀመሪያ የፈራው የእህቱን ልጅ «አላልኩህም?» ነው፤ አሁን የሚፈራው «እስከ አሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?» የሚለውን ነው። ዝምታ በቆየ ቁጥር ጥፋቱን ለቅቆ ራሱ ጥፋት ይሆናል።

በዚህ መሃል እታለም ለልጇ እሺ አለች። «ቀላሉን አምጪልኝ። ሁሉ ነገር አንድ ቦታ ያለበትን። እኔ ከእንግዲህ ብዙ ነገር አላስታውስም» አለች። ሁሉን በአንድ የሚያከራየው ኩባንያም እስከዚያው ልክ ማስገቢያ ጨምሮ ነበር፤ ደንበኛው በማስታወሻ መልክ ይጽፋል። መቀየሪያው ቅዳሜ እንዲሆን ተቆረጠ። ያን ቀን የብሎን ክፍሎች በሙሉ ይነቀላሉ፣ ማገናኛዋ ትጠፋለች፣ ታብሌቷ ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሊያሳይ የሚችል ምንም ነገር አይኖርም። ማንም አይጠይቀውም። ለብሎን ከዚህ የሚበልጥ ማምለጫ አልነበረም፤ የፈራው ነገር ተጠራርጎ የሚወሰድበት ቀን ተቆርጦለት፣ የሚጠበቅበት ዝም ማለት ብቻ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬን አንኳኳ። ፊቱ ገርጥቷል። «ጋሼ፣ ከእኔ ጋር ይውረዱ። ሰው ከሌለ እሸሻለሁ» አለኝ።

እታለም መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጠርዝ ታጥፋለች። ልጇ ኮምፒውተሯን ከፍታ አዲሱን ገጽ ታዘጋጃለች። ቆራጯ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ታስተካክላለች።

«አጎቴ፣ አሁን መዝጋት ትችላለህ፤ የእኔ ዝግጁ ነው» አለች ልጅቷ።

«ከመዝጋቴ በፊት አንድ ትዕዛዝ አለኝ» አለ። ላፕቶፑን ከፍቶ ያስተካከላቸውን መስመሮች እንደ ቀድሞው መለሳቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ። «እታለም፣ መጋረጃ ላዝዝሽ ነው።»

«አንተ?» ሳቀች። ብዙ ቀን ያልሰማሁት ሳቅ ነው። የመጋረጃ ሰፊ ወንድም መሆኑ እየታወቀ የብሎን መስኮት ላይ የተለጠፈው ጋዜጣ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ይቀልድበታል። «ጋዜጣው ተነብቦ አለቀ እንዴ?»

አልሳቀም። የመስኮቱን ልክ በስልኩ እያስገባ ጮክ ብሎ አነበበ። «ወርድ አንድ ሜትር። ቁመት አንድ ሜትር ከሰማንያ።» ላከው። ታብሌቷ ጮኸች። «አንብቢልኝ» አላት።

«እሷ ታንብብልህ፤ እኔን ተወኝ» አለች እታለም ወደ ቆራጯ እያየች።

«አንቺ ነሽ የምታነቢልኝ።»

ተነሳች። መነጽሯን አስተካክላ ተጠጋች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ። ዓይኗን ጨፍና እንደገና ገለጠች። «ወርድ…» አለች፤ «እኔ እንጃ፣ ዛሬም ተገልብጦ ነው የሚታየኝ።»

«ምን ይላል?»

«ወርድ አንድ ሜትር ከሰማንያ። ቁመት አንድ ሜትር።»

ልጇ ተነስታ መጣች፣ አየች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቆራጯም አንገቷን አስግጋ አየች። «እንደሱ ነው የሚለው» አለች ዝግ ብላ።

«አልተገለበጠብሽም፤ ተገልብጦ ነው የመጣው» አለ ብሎን። «ሁሌም ተገልብጦ ነበር የሚመጣው። በስልክ የሚያዝዙት ሁሉ። የመዋያው ሕፃናትም፣ የመጀመሪያዋ ሴትዮም። አንቺ የተጻፈውን ነው የቆረጥሽው። የእኔ ጥፋት ነው። ሐኪም ቤት የሄድሽ ቀን አገኘሁት፣ አስተካከልኩት፣ ዝም አልኩ።»

የእህቱ ልጅ «አላልኩህም» አላለችም። ያን ሁሉ ቀን የፈራው ቃል ከማንም አፍ አልወጣም፤ ልጅቷ ጭራሽ እያለቀሰች ነበር፣ ወደ እሱ ሳይሆን ወደ እናቷ እያየች።

እታለም ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ጫማዎቿን አየች። ከዚያ እሱን።

«መቀሴን ስሰጥ እዚህ ነበርክ» አለች።

«ነበርኩ።»

«ይቅር በለኝ ስልህም።»

«ነበርኩ፣ እታለም።»

«ሌሊት ሌሊት የእማማን ስም፣ የአባባን ስም፣ ያንተን ስም እየደጋገምኩ ነው የማድረው፤ እንዳይጠፉኝ። ያንተን መጨረሻ ላይ ነበር የማደርገው፤ እሱ አይጠፋብኝም ብዬ።»

እሱ እግሯ ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል በእጇ ገፋ አደረገችው፤ በኃይል አይደለም፣ ሰው መንገዱን እንዲለቅ እንደሚገፋው። ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ለቆራጯ እጇን ዘረጋች፤ ሴትዮዋ ሳትጠየቅ መቀሱን አቀበለቻት። እታለም ከጥቅሎቹ መሃል ጥሩውን፣ ወፍራሙን፣ ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ መርጣ ዘረጋች። ታብሌቷን ቀና ብላ አየችና በሜትሯ ለካች። ወርድ አንድ ሜትር ከሰማንያ። ቁመት አንድ ሜትር።

«እማ፣ ተሳሳትሽ» አለች ልጇ።

«አልተሳሳትኩም። እንደተጻፈልኝ ነው» አለች።

መቀሱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በአንድ ትንፋሽ ሄደ። ያ ድምፅ ነበር። በወለል በኩል ሳይሆን ቆሜ፣ እያየሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ሰፋችው፣ መስቀያውን አደረገችለት፣ ጠርዙን አጠፈችለት፣ ካውያ መታችው። አንድ ስፌት አላጎደለችበትም። አጣጥፋ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችና «ስቀለው» አለችው። ታብሌቷን ነክታ «ተቆርጧል» አለች።

ሱቁ በዚያው ቀን ሁሉን በአንድ ወደሚያከራየው ኩባንያ ገባ። ልጅቷ ልክ ነበረች፣ ብሎንም ልክ ነበር፤ ሁለቱም ልክ የነበሩበት ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ማንንም ብዙ አላሳሰበም። እታለም ያቆመችው ደንብ አንድ ነው። የደንበኛውን ልክ ከማንም ስክሪን አንብባ አትቆርጥም። ብሎን ነው ለደንበኛው ስልክ የሚደውለው፤ አጠገቧ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ወርድ ይህን ያህል፣ ቁመት ይህን ያህል፣ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ደንበኛው «ልክ ነው» ሲል ትሰማለች፣ ከዚያ ትቆርጣለች። አዲሷ ቆራጭ ከእሷ ጋር በፈረቃ ትሠራለች። ብሎን በፊት ማገናኛ ይጽፍ ነበር፤ አሁን ራሱ ማገናኛ ሆኗል። ልክ ሲያነብ የሚያነበው ቃል በጥርሱ መካከል ተይዞ እንዳይቀርበት የፈራ ይመስል እያንዳንዱን ቁጥር ለይቶ ነው የሚጠራው። ታነጋግረዋለች፤ ታበላዋለች፤ «ብሎን» ግን ትለዋለች። «ብሎኔ» ካለችው ቆይቷል።

«ግራ»፣ «ቀኝ» የሚሉትን ወረቀቶች ከመሳቢያዎቹ ላይ ያነሳችው ወዲያው አይደለም። ሰው አንዴ ራሱን ከጠረጠረ፣ የተጠረጠረበት ነገር ሐሰት መሆኑ ሲነገረው እንኳ ጥርጣሬው በአንድ ቀን አይለቀውም። ጠዋት ጠዋት አሁንም ጫማዋን ለአፍታ ታያለች። ብሎን ይህን ያያል። እኔም እሱ ሲያያት አያለሁ።

የእሱ ክፍል ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ከመስኮቴ ይታየኛል። ጋዜጣውን አንስቶ መጋረጃውን ሰቅሎታል። ጎንና ጎኑ ግድግዳው ላይ አልፎ ተንጠልጥሏል፤ ቁመቱ መስኮቱ አጋማሽ ላይ ያልቃል። ጠዋት ፀሐይ ከሥሩ ገብታ ፊቱ ላይ ታርፋለች፤ እንደነዚያ ሕፃናት። አልጋውን ወደ ሌላው ግድግዳ ማዞር ይችል ነበር። አላዞረውም። አንድ ቀን እታለም ከእኔ ጋር ደረጃው ላይ ቆማ ወደዚያ ቀና ብላ አየችና፣ «ጨርቁ ያምራል» አለች። ከዚያ ጥቂት ቆይታ፣ «ልኩን ካልጠየቀኝ አልቀይርለትም» አለች።

እስከ አሁን አልጠየቃትም።